ከአሥሩ ዘፈኖች አራቱ

የካቲት 3

ስድስተኛው ዘፈን ዛሬ አለቀ። አራት ቀረን። ስቱዲዮው ግን ምድጃ ነው። ድምፅ ሲቀዳ ማራገቢያው ይጠፋል፣ ሽውታው ማይክ ውስጥ እንዳይገባ። ግድግዳው ሁሉ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። አየር የሚባል የለ።

ታናሽ እህቴ ከመስታወቱ ወዲያ ጫማዋን አውልቃ እየጨፈረች ትዘፍናለች። እግሬ ካልሄደ ድምፄ አይሄድም ባይ ናት። እኔ ከወዲህ ኪቦርዴ ላይ። ዜማና ግጥሙን እሠራለሁ፣ እሷ ትዘፍነዋለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው። ከበሮ መቺያችን፣ "ቆርቆሮ" የምንለው፣ በዚህ አልበም ሰው ካልጨፈረ ሙዚቃ ትቼ አውቶቡስ እነዳለሁ አለ። መንጃ ፈቃድ የለውም።

የአልበሙን ስም "ላብ" እንበለው ተባባልን። ሦስታችንም ላባችን ጠብ ጠብ እያለ ስለነበር ማንም አልተከራከረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታናሼ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። አቧራ ይሆናል።

የካቲት 5

ዛሬም ጠረገች። ሙቅ ውሃ አፈላሁላት። እናት አትሁኚብኝ፣ አንዷ ትበቃኛለች አለችኝ።

የካቲት 8

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ሰባተኛው ዘፈን፣ "እንዳትቆም"። አዝማቹ ላይ በጣም ከፍ የሚል ቦታ አለ። ሆን ብዬ ነው ከፍ ያደረግኩት፣ ጭፈራው እዚያ ላይ እንዲፈነዳ። ሦስት ጊዜ ሞከረችው። በአራተኛው ድምጿ እንደ ጨርቅ ተቀደደ። ከዚያ ምንም። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ጆሮዬ ላይ ግን ትንፋሽ ብቻ። ማዳመጫው የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቀነቅኩት።

አልተበላሸም።

በመስታወቱ አየችኝ። ያ አስተያየት... ስድስት ዓመቷ ሳለ ከደረጃ ስትወድቅ እንዲህ ነበር ያየችኝ። ከማልቀሷ በፊት።

የካቲት 10

ሐኪሟ በአፍንጫዋ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብታ አሳየችን። የድምፅ አውታሯ ላይ እብጠት አለ። የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ አንድ ወር ተኩል ዝምታ። ማንሾካሾክ እንኳ ክልክል። ድምጿ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ይመለሳል አለች። ቀጥላ ብዕሯን እያሽከረከረች፣ እንደ ድሮው ስለመሆኑ ግን ቃል አልገባላችሁም አለች።

እኔና ታናሼ አውቶቡስ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። መውረጃችንን ሳናይ አለፍነው።

የካቲት 13

አሳታሚው እኔንና ቆርቆሮን ጠራን። አልበሙን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ቀን የሚቆርጠውም እሱ። ሚያዝያ 1 ይወጣል ተብሎ ማስታወቂያው ተለጥፏል። ለአልበሙ ኮንሰርትም አዳራሽ ለግንቦት 2 ተይዟል። አይራዘምም አለ። አራት ዘፈን ይቀረናል አልነው። የታናሼ የልምምድ ቅጂ አለ፣ ግን አይሆንም፣ ከበሮው ውጦታል።

ያኔ የድምፅ መሐንዲሱ (በቀን አሥር ቃል ቢናገር ነው) ማሽኑን ነካ ነካ አድርጎ አንድ ሌላ ቅጂ ከፈተ። "እንዳትቆም"። ንጹሕ። ያ ከፍ ያለው ቦታ ያለ ጭንቅ ወጥቶ ወረደ። አሳታሚው ፊቱ በራ። ይኸው ዘፍናዋለች አይደል እንዴ አለ።

እኔ ነኝ አልኩ። ዜማውን ላሳያት ብዬ የቀዳሁት ነው።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

የካቲት 14

አይሆንም አልኩ። ቆርቆሮም አይሆንም አለ። አሳታሚው አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልበሙ ከቀረ እህትሽ ከሕመሟ ስትነሳ ምን ይጠብቃታል አለኝ። ድምፅ የላት፣ ዘፈን የላት። የእህትማማች ድምፅ ደግሞ ማን ይለየዋል፣ ለዚያውም ማሽን ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ። ለእሷም ባትነግሯት ይሻላል አለ፣ እስክትድን ሆዷ እንዳይባባ።

ለእሷ ስል ነው ብዬ እሺ አልኩ።

ለእሷ ስል ነው?

የካቲት 16

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ወረቀት ነው። "አልበሙስ?" ብላ ጻፈች። ይደርሳል አልኳት። "ያለ እኔ?" የልምምድ ቅጂሽን መሐንዲሱ አጽድቶ ይጠቀምበታል አልኩ። ቃል በቃል አጥንቼው ነበር የሄድኩት። ፈገግ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ።

የካቲት 20

ዛሬ እሷ የምትቆምበት ቆምኩ። የማይኩ መከለያ ላይ የከንፈር ቀለሟ አለ። ማዳመጫው ለእሷ ጭንቅላት የተስተካከለ ነው፣ አልነካሁትም። እሷን ለመምሰል የቃላቱን መጨረሻ መዋጥ ነበረብኝ፤ ታናሼ ለመጨረሻው ፊደል ትዕግሥት የላትም። ደጋግሜ ውሃ እጠይቃለሁ። ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅማ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዴ መድረክ ላይ ወጥቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ ከዚያ ወዲህ ቦታዬ ከኋላ ነው።

መሐንዲሱ ሁኔታዬን አይቶ መብራቱን አጠፋልኝ። በጨለማ ዘፈንኩ።

የካቲት 22

አራቱም አለቁ። ቆርቆሮ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየኝም።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ለማንም የማልናገረው። ዛሬ መብራቱ ይብራልኝ አልኩ። ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ጫማዬን አውልቄ ጨፈርኩ። ደስ አለኝ። እህቴ አልጋ ላይ ተኝታ፣ አፏን በፋሻ የታሰረች ያህል ዝም ብላ፣ እኔን ደስ አለኝ።

ከሁሉም የፈራሁት ይሄንን ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 9

ቤታችን ጭር ብሏል። ታናሼ በደብተር ነው የምታወራው። ሲሰለቻት በማንኪያ ጠረጴዛ ትመታለች፤ አንዴ ነይ ነው፣ ሁለቴ እምቢ፣ ሦስቴ ተይኝ። እኔ ደግሞ ገላዬን ስታጠብ ማንጎራጎር ትቻለሁ። ብትሰማኝስ?

መጋቢት 21

ያለቀውን አልበም አብረን ሰማን። ሶፋው ላይ፣ ጎን ለጎን። ስድስቱ ዘፈኖች አለፉ፣ ትከሻዋ እየተወዛወዘ። ሰባተኛው ሲጀምር ትከሻዋ ቆመ። ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። ሲያልቅ ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ሰማችው። እኔ የጥፍሬን ጥግ እየላጥኩ።

ከዚያ ደብተሩን አነሳች። "መቼ ነው እንዲህ የዘፈንኩት?"

ያ ዝናብ የዘነበ ቀን፣ አልኳት። የት ያለ ዝናብ! ከየት አመጣሁት?

እንደገና ጻፈች። "ጥሩ ነበርኩ።"

ነበርኩ...

ሚያዝያ 1

"ላብ" ወጣ። ታናሼም ከዛሬ ጀምሮ እንድትናገር ተፈቀደላት። የመጀመሪያ ቃሏ የኔ ስም ነው። ወፍራም፣ ሻከር ያለ... ሌላ ሰው የጠራኝ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። አየችኝ። እየጠራ ይሄዳል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ሚያዝያ 6

የትም ብሄድ እኛ ነን። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጂሙ መስኮት ሥር። ደጋግመው የሚከፍቱት ደግሞ "እንዳትቆም"ን ነው። ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ፣ ከፊቴ ያለች ሴት ወገቧን እየሰበቀች ታንጎራጉራለች። የቃሉን መጨረሻ እየዋጠች። ክው አልኩ። ዳቦ ሳልይዝ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 8

ጋዜጣ ላይ ወጣን። ያ ሙዚቃ የሚተቸው ሰውዬ፣ አድናቆት ከአፉ የማይወጣው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዘፈኖች እግር ያንቀሳቅሳሉ፣ ግን የምናውቃቸው ናቸው ብሏል። ከሰባተኛው ጀምሮ ዘፋኟ አድጋለች። "የምታጣው ነገር እንዳላት ሰው ትዘፍናለች።"

መጀመሪያ ደስታ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለኝ።

ታናሼ በዚያ በአዲሱ ድምጿ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቆርጣ መስታወቷ ጠርዝ ላይ ሰካችው።

ሚያዝያ 10

እማዬ ደወለች። ልብስ ስትተኩስ ሬዲዮ ትከፍታለች። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለችኝም።

"ይቺ አንቺ ነሽ" አለች።

ማን? አልኩ።

"ሁለታችሁ ስታለቅሱ የቷ እንደሆነች በጨለማ እየለየሁ ነው የተነሳሁት። እኔን ልትሸውጂ ነው?"

ታናሽሽ ታውቃለች ወይ አለች። አታውቅም አልኩ። የመተኮሻው እንፋሎት ሲፏጭ ብቻ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ እኔ አልነግራትም፣ አንቺ ግን ቶሎ በይ፣ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብላ ዘጋችው። ሸሚዝ ሳይቃጠልባት አልቀረም።

ልነግራት ሦስቴ ክፍሏ በር ድረስ ሄድኩ። ሦስቴ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 16

ለኮንሰርቱ ልምምድ ጀመርን። ሐኪሟ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ከፍ ያለውን አትንኪ ብላታለች። ስድስቱን ዝቅ አድርገን ሠራን። ያምራል። ሌላ ዓይነት ነው፣ ግን ያምራል። "እንዳትቆም" ላይ ስንደርስ ይሄንንም ዝቅ እናድርገው አልኳት። እምቢ አለች፤ ሰዉ የሚመጣው እሱን ሊሰማ ነው።

ሞከረች። ተሰበረ። ሞከረች። አሥራ አንድ ጊዜ፣ ቆጥሬያለሁ። አንገቷ ላይ ሥሮቿ ተገትረው። ቆርቆሮ የከበሮ ስቲኮቹን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

"ያን ቀን እንዴት አድርጌ ነው የደረስኩበት?" አለችኝ።

በእውነት ነው የጠየቀችኝ። እንዳስታውሳት።

ድካም ነው አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሚያዝያ 19

እኔና ቆርቆሮ አሳታሚው ጋ ሄድን። እውነቱን እንናገርና አራቱን ዘፈኖች ከመድረኩ እናውጣቸው አልነው። ምን አስቸገራችሁ አለ። የተቀዳውን ከኋላ እንለቀዋለን፣ እሷ አፏን ታንቀሳቅስ።

"ነገሩ ከወጣ ደግሞ" አለኝ፣ "ውሸታም የምትባለው ፊቷ ሽፋኑ ላይ ያለው ናት። እኔም አይደለሁ፣ አንቺም አይደለሽ።"

በሩን ራሱ ከፈተልን፣ በትሕትና። ደረጃው ላይ ቆርቆሮ ክንዴን ይዞ አቆመኝ። ወይ አንቺ ንገሪያት ወይ እኔ እነግራታለሁ፣ እኔ ደግሞ አቀራረብ አላውቅበትም አለኝ።

ሚያዝያ 22

መታጠቢያ ቤቱ ቅርጫት ውስጥ የተጨማደደ ሶፍት አየሁ። ደም አለበት። ትንሽ ነው፣ የጥፍር ያህል።

በሩን ቆልፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ስወጣ ብቻዋን ትለማመዳለች ማለት ነው። የኔን ድምፅ ስታሳድድ ጉሮሮዋን እየቀደደች። ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው... ቁስሉ ካገረሸ መናገርም ሊያቅታት ይችላል።

እስከ ዛሬ የፈራሁት መጋለጤን ነበር። ምን ዓይነት ትንሽ ፍርሃት ነበር እሱ።

ሚያዝያ 23

ነገርኳት።

አንሶላ እያጠፍን ነበር፣ እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ። አራቱን የዘፈንኩት እኔ ነኝ አልኩ። እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ። አንሶላውን አልለቀቀችውም። እጥፉን ጨረሰች፣ ተጠግታ የኔን ጫፍ ተቀበለችኝ፣ ክምሩ ላይ አስቀመጠችው።

"ጋዜጣው ያደነቀውንም?"

አዎ።

"ዝናብም አልነበረም።"

አልነበረም።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ደስ ባለኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ድምፄ ሲሄድ እኮ ብዙም አልፈራሁም ነበር" አለች። "ያንን ዘፈን ስሰማ፣ ይሄ እኮ አለኝ፣ ይመለሳል አልኩ። እየጠበቅኩት ነበር። የራሴ መስሎኝ።"

ቦርሳዋን ይዛ ወደ እማዬ ቤት ሄደች። በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ሚያዝያ 24

አልደወለችም።

ሚያዝያ 26

እማዬ ደወለች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ስምሽን ግን አታነሳም አለችኝ። ሐኪሟ ጋ ይዛት ሄዳ ነበር። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ካላስጨነቀችው ይድናል። ስልኩን እንደያዝኩ ተንሰቀሰቅኩ። እማዬ አልዘጋችብኝም፣ አላባበለችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ሚያዝያ 28

ቆርቆሮ ሾርባ ይዞ መጣ። መንገድ ላይ ቀዝቅዟል። ቀዝቃዛውን ጠጣነው። ሰውየው ይህን ያህል ሰዓት ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

ግንቦት 1

መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ ነው ያነጋገረችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም። ነገ ስድስቱን በዚህ በአሁኑ ድምፄ እዘፍናለሁ፣ ከዚያ ለሰዉ እውነቱን እናገራለሁ፣ አራቱን አንቺ ትዘፍኛለሽ አለች። ከፊት ቆመሽ። የኪቦርዱን ድምፅ መሐንዲሱ ከማሽን ይለቀዋል፣ አነጋግሬዋለሁ። ለአሳታሚው አንነግረውም።

አልችልም አልኩ። የፈለግሽውን ቅጪኝ፣ ይሄን ተይልኝ።

"ቅጣት አይደለም" አለች። "ሰዉ በማን ድምፅ እንደሚጨፍር ይወቅ። እኔም ካሁን በኋላ ያንን ተሸክሜ መዞር አልፈልግም።"

እህል አልወርድ አለኝ።

ግንቦት 3

ትናንት እጄ እምቢ ብሎኝ አልጻፍኩም።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነበር፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ታናሼ ስድስቱን ዘፈነች። መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋቡ። ድምጿ ምን ሆነ የሚለው ሹክሹክታ ከበሮውን አልፎ ይደርሰኛል። ቀስ በቀስ ግን ትከሻዎች መወዛወዝ ጀመሩ። ስድስተኛው ሲያልቅ እጇን አነሳች። ጉሮሮዬን ታምሜ ነበር፣ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ያሉትን የዘፈነችው እህቴ ናት አለች።

"እኔም ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ብትቆጡ አልፈርድባችሁም። እኔም ተቆጥቻለሁ።"

ፉጨት። ከኋላ አጭበርባሪዎች የሚል ድምፅ። የውሃ ጠርሙስ መጥቶ ኪቦርዴ ላይ አረፈ። ሰዎች እየተጋፉ መውጣት ጀመሩ። አሳታሚው ከመጋረጃው ጥግ እጁን እያወናጨፈ አቁሙ ይላል። ቆርቆሮ ወደዚያ አላየም፣ ምቱን ጀመረ።

ከኪቦርዱ ወጥቼ ተራመድኩ። ስምንት እርምጃ ነው፣ እግሬ ግን የኔ አልነበረም። ዘፈኑን የምጀምርበት ቦታ አለፈኝ። አፌ ተከፍቷል፣ ምንም አይወጣም። ቆርቆሮ አዙሮ እንደገና አመጣልኝ። እሱም አለፈኝ። አንድ ሰው ሳቀ። ታናሼ ማይኩን አልተቀበለችኝም፣ አልዘፈነችልኝም። አጠገቤ መጥታ ቆመች፣ በቃ። በሦስተኛው ገባሁ።

እንደ እሷ አልዘፈንኩም። ቃሉን እስከ መጨረሻው አወጣሁት። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ደረሰ። ግማሹ ሰው ወጥቷል። ከቀሩት ብዙዎቹ ጨፈሩ። ሁሉም አይደሉም። ከፊት የቆመ አንድ ጎልማሳ እጁን አጣጥፎ አራቱም ዘፈን እስኪያልቅ አፈጠጠብኝ።

ስንወጣ መኪናው ውስጥ ታናሼ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላ፣ ከበሮዎቹ ጋር።

ግንቦት 9

ጋዜጣው ላይ ያ ሰውዬ ተናዷል። "ያመሰገንኩትን ሰው እንኳ እንዳላውቅ ተደርጌያለሁ" ብሎ ጽፏል። ምን እላለሁ፣ እውነቱን ነው። ሬዲዮው ዘፈኑን አወረደው። ታክሲ ውስጥ ስለኛ ሲያወሩ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። አንዱ ሌቦች ናቸው አለ። አንዲት ሴትዮ፣ እህትማማች ናቸው፣ አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ አለችው። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

አሳታሚው ከእንግዲህ አላውቃችሁም ብሏል። የአልበሙ ሽፋን ግን እንደገና ይታተማል፣ ስሜ ገብቶበት። ይሄን ያስጨረሰችው ታናሼ ናት። የሰማሁት ከቆርቆሮ ነው።

ግንቦት 20

ወደ ቤት ተመለሰች። ሐኪሟ ዛሬ ቁርጡን ነግራታለች፤ ቁስሉ ድኗል፣ ከፍ ያለው ድምፅ አይመለስም።

ክፍሏ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። አላንኳኩም አልኩ። ከዚያ አንኳኳሁ። ተይኝ አለችኝ። ተውኳት። ሻይ አፍልቼ በሯ ላይ አስቀመጥኩ። ቆይቼ ሳይ ብርጭቆው የለም።

ሰኔ 4

አዲስ ቦታ፣ አነስ ያለች አዳራሽ። ሁለት መቶ ሰው ቢሆን ነው። ማን መጥቶ እንደሆነ፣ ሊጨፍር ይሁን ሊሰድበን፣ አናውቅም። ሁለት ማይክ ከፊት ተተክሏል፣ ኪቦርዱም ከፊት።

ከመውጣታችን በፊት ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ። ለሦስተኛ ስሄድ መጋረጃው ጀርባ ታናሼን አገኘኋት። ግድግዳውን በሁለት እጇ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ጉልበቷ ይርገበገባል።

አመመሽ እንዴ? አልኳት።

"አይ። ሁሌም እንዲህ ነኝ።"

ሁሌም ስትይ?

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነዋ።"

ዘጠኝ ዓመት... እንዴት አላየሁም? አልኩ፣ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ።

"የምታይው ጀርባዬን ነበራ" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ተጠራን። ወጣን። መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ፣ ከመብራቱ ወዲያ ፊቶች። ወደ ጎን ስመለከት ማይኩን የጨበጠው እጇ ይንቀጠቀጣል። የኔም። ቀረብ አለችኝ፣ ክንዷ ክንዴን ነካኝ፣ አልሸሸችም።

ቆርቆሮ እስከ አራት ቆጠረ። ገባን።